ሶሻል ተማራችሁ? ሳይበር ደህንነት ይፈልጋችኋል

«ናቹራል ነህ ሶሻል?» አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። «ናቹራል» ያለው «ጎበዝ!» ይባላል። «ሶሻል» ያለው ደግሞ «ምነው፣ ሒሳብ እምቢ አለህ?» ይባላል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የመጣው የ70/30 የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ፖሊሲም ይህንኑ አመለካከት ይበልጥ አጠነከረው፤ ሰባው እጅ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ለማኅበራዊ ሳይንስ ተባለ። ከሠላሳው ወገን የተመረቀ ስንቱ ወጣት ነው «ቴክኖሎጂ የእኔ ነገር አይደለም» ብሎ በሩን በራሱ ላይ የዘጋው!

ያንን በር ዛሬ እንክፈተው። በተለይ አንድ ሙያ እናንተን አጥብቆ ይፈልጋል፤ የሳይበር ደህንነት ምህንድስና። ሥራው ከሩቅ ሲታይ የኮምፒውተርና የኬብል ጉዳይ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግን አጥቂውም ሰው ነው፣ ተጠቂውም ሰው ነው፣ ዘብ የቆመውም ሰው ነው። ሰው ለምን ያምናል? ለምን ይቸኩላል? ሕግን ለምን ይጥሳል? ጓደኛው ሲያደርግ አይቶ ለምን ይከተላል? እነዚህን ጥያቄዎች አራት ዓመት ሙሉ ስትማሯቸው ኖራችኋል። እንግዲህ ትምህርታችሁን እንደ ጉድለት መቁጠር ትታችሁ እንደ ሙያ መሣሪያ ያዙት።

አጭበርባሪው ሳይኮሎጂ ያውቃል

በየቀኑ ከሚደወሉት የማጭበርበሪያ ስልኮች አንዱን እንስማው።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ከባንክዎ ነው የምደውለው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ልበል?»

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ እናቴ። አንድ ሰው ከሒሳብዎ ብር ሊያወጣ ሲል ደርሰንበት አስቁመነዋል። አይዞዎት፣ አይደንግጡ። አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት ቁጥር ይገባል፤ እሱን ያንብቡልኝና እዘጋዋለሁ። ስልኩን ግን እንዳያቋርጡት፤ ካቋረጡት ብሩ ይሄዳል።»

እያንዳንዷ ቃል ሥራ አላት። «ከዋናው መሥሪያ ቤት» ሥልጣን ነው። «ደርሰንበት አስቁመነዋል» ውለታ ነው፤ ውለታ የዋለልንን ሰው እምቢ ማለት ይከብደናል። «ካቋረጡት ብሩ ይሄዳል» የማሰቢያ ጊዜ የሚነጥቅ ጥድፊያ ነው፤ ከዚያም በላይ እማማ ልጃቸው ጋ ደውለው እንዳይጠይቁ ከሰው ይነጥላቸዋል። ባንኩ ውድ ፋየርዎል ገዝቶ ይሆናል፤ አጭበርባሪው ግን አልነካውም። የነካው የእማማን ፍርሃትና ጨዋነት ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ቻልዲኒ ሰውን እሺ የሚያሰኙ መንገዶችን በአንድ መጽሐፍ አሰባስቦ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ሥልጣን፣ ውለታና «ዕድሉ ሊያልፍዎት ነው» የሚለው ጥድፊያ እዚያው ተዘርዝረዋል። ከእርሱ በፊት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስታንሊ ሚልግራም በየል ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ሙከራ፣ የላቦራቶሪ ጋዋን የለበሰ ሰው «ቀጥል» ስላላቸው ብቻ ከ40 ተሳታፊዎች 26ቱ ሌላ ሰው ላይ እስከ 450 ቮልት የኤሌክትሪክ ንዝረት የለቀቁ መስሏቸው እስከ መጨረሻው ተጉዘዋል። ንዝረቱ የውሸት ነበር፤ መታዘዛቸው ግን የእውነት ነበር። ሳይኮሎጂ የተማራችሁ ይህን ለፈተና አጥንታችሁታል። በደህንነት ሥራ ግን ፈተናው በየቀኑ ነው።

«እኛ አገር ሰው የዋህ ስለሆነ ነው» የሚል ካለ ሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ትዊተር ላይ የሆነውን ያስታውስ። አጥቂዎቹ የትዊተር ሠራተኞች ጋ ደውለው «ከአይቲ ክፍል ነን፤ የቪፒኤን ችግርዎን ልንፈታልዎ ነው» አሉ። ጊዜው የኮሮና ስለነበር ሠራተኛው ከቤቱ ነው የሚሠራው፤ ከቤት ወደ ቢሮ ኔትወርክ የሚያገናኘው ቪፒኤንም በእርግጥ ያስቸግር ነበር። ውሸቱ እውነት መሰለ። በዚያ መንገድ 130 አካውንቶችን ዒላማ አደረጉ፤ የባራክ ኦባማ፣ የጆ ባይደን፣ የቢል ጌትስና የኢሎን መስክ አካውንቶች ሳይቀሩ ቢትኮይን እንዲላክላቸው የሚጠይቅ መልእክት ለጠፉ። ከጀርባው የተገኘው ዋና ተጠርጣሪ የፍሎሪዳ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች መሐንዲስ አላጡም፤ የጎደላቸው ጥድፊያና ሥልጣን ሰውን እንዴት እንደሚጥሉት አስቀድሞ አስቦ አሠራር የሚቀርጽ ባለሙያ ነው።

ያ ባለሙያ ምን ያደርጋል? ለምሳሌ የማረጋገጫ ቁጥር የያዘውን አጭር መልእክት ይመረምራል። «ለማንም አይስጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከቁጥሩ በኋላ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ከመጣ፣ የደነገጠ ሰው እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከቁጥሩ በፊት ይምጣ፤ ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ ይምጣ፤ «ደውሎ ይህን ቁጥር የሚጠይቅዎ ሁሉ ሌባ ነው» ብሎ በቀጥታ ይናገር። ይህ ለውጥ ከባድ ፕሮግራሚንግ አይጠይቅም፤ የደነገጠ ሰው እንዴት እንደሚያነብ ማወቅን ግን ይጠይቃል።

ሰውን መውቀስ መፍትሔ አይሆንም

ለብዙ ዘመን የኮምፒውተር ሰዎች ችግር ሲፈጠር ጣታቸውን ተጠቃሚው ላይ ይቀስሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለት ተመራማሪዎች፣ አን አዳምስና አንጀላ ሳሴ፣ «ተጠቃሚዎች ጠላት አይደሉም» የሚል ጽሑፍ አሳተሙ። ሳሴ መነሻዋ ሥነ ልቦና ነው። ሠራተኞችን ቀርበው ሲጠይቁ ያገኙት ነገር ቀላል ነበር። ሰዎቹ ሰነፍ ሆነው አልነበረም ፓስወርድ ወረቀት ላይ የሚጽፉት፤ መሥሪያ ቤቱ የሰው ጭንቅላት ሊይዘው የማይችል ሕግ ስለጫነባቸው ነው።

በዚያው ዓመት አልማ ዊተንና ዳግ ታይጋር የኢሜይል ምስጢር መቆለፊያ የሆነውን ፒጂፒን ለ12 ሰዎች ሰጥተው 90 ደቂቃ ፈቀዱላቸው። መልእክታቸውን በትክክል ፈርመውና ቆልፈው መላክ የቻሉት ሲሦዎቹ ብቻ ነበሩ። አንዳንዶቹ ጭራሽ ምስጢሩን ሳይቆልፉ ላኩት። የሒሳብ ቀመሩ እንከን አልነበረውም፤ ሰው ግን ሊጠቀምበት አልቻለም። የብረት በር ገጥሞ ቁልፉን ማንም የማያገኘው ቦታ እንደማስቀመጥ ነው፤ የቤቱ ባለቤት በመጨረሻ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል።

የፓስወርድን ነገር ደግሞ በየቢሯችን እናውቀዋለን። «በየ90 ቀኑ ቀይሩ፤ ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይኑረው» ይባላል። ሠራተኛው ምን ያደርጋል? «አዲስ2016!» የነበረውን «አዲስ2017!» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀድሞውን ፓስወርድ ያወቀ አጥቂ ተከታዩን ማግኘት ይችል እንደሆነ ሲፈትሹ፣ 41 በመቶ ያህሉ በሴኮንዶች ውስጥ ተገኘ። በ2017 የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም መመሪያውን ከለሰው፤ ፓስወርድ መሰረቁ ሲታወቅ እንጂ በቀን ቆጠራ ብቻ ቀይሩ ማለት ይቅር፣ ፊደልና ምልክት ማስገደዱም ይቅር አለ። የቀደመውን መመሪያ የጻፉት ቢል በር ራሳቸው በዚያው ዓመት በጻፉት ነገር እንደሚጸጸቱ ለጋዜጣ ተናግረዋል። የሰውን ጠባይ ያጠኑ ሰዎች መመሪያውን አስለወጡ ማለት ነው!

ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው?

አሁን ተራው የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ነው። የካምብሪጁ ተመራማሪ ሮስ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1993 የባንክ ኤቲኤሞች እንዴት እንደሚዘረፉ መርምረው ነበር። አብዛኛው ስርቆት ምስጢራዊ ቀመሩን ከመስበር አልመጣም፤ ከአሠራር ስህተትና ከደካማ አስተዳደር ነው የመጣው። በ2001 ደግሞ ይበልጥ የሚያስገርመውን ጻፉ። በአሜሪካ ደንበኛው «ይህን ብር እኔ አላወጣሁም» ካለ ማስረዳት ያለበት ባንኩ ነበር። በብሪታንያ ግን ባንኮች «ሲስተማችን አይሳሳትም፤ የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት» ብለው ደንበኛውን ይመልሱት ነበር። ለደህንነት ይበልጥ ያወጡት የብሪታንያ ባንኮች ሆነው ሳለ ይበልጥ የተጭበረበሩትም እነርሱ ነበሩ። ምክንያቱም ኪሳራው የሌላ ሰው ሲሆን ጠባቂው ይዘናጋል።

አንደርሰን ከዚህ ተነሥተው የመረጃ ደህንነት ኢኮኖሚክስ የሚባል ዘርፍ እንዲወለድ ረድተዋል። «የደህንነት ምህንድስና» የሚለው ወፍራም መጽሐፋቸው በ2001 ወጥቶ በ2020 ለሦስተኛ ጊዜ ታትሟል። መሐንዲሶች የሚማሩበት መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ስለ ሥነ ልቦናና ስለ ኢኮኖሚክስ ራሳቸውን የቻሉ ምዕራፎች አሉት። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው በአንድ ባንክ የደህንነት ስብሰባ ላይ «ይህ ቢበላሽ ወጪው ማን ላይ ይወድቃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከአሥር ሶፍትዌር ግዢ የሚበልጥ ጥያቄ ጠየቀ።

የመጋቢቷ ሌሊት

ወደ አገር ቤት እንመለስ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጠረና ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናግሯል። ወሬው ከዶርም ወደ ዶርም፣ ከስልክ ወደ ስልክ በረረ። በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ተሠራ። ሳሩን ያየው በዛ፤ ገደሉን ያየው ግን ጥቂት ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያው «የትኛው ኮድ ተበላሸ?» ይላል፤ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን የማኅበራዊ ሳይንስ ጥያቄ ነው። ሌላ ጊዜ የሰው ሳንቲም የማይነካ ተማሪ ያን ሌሊት ለምን ተሰለፈ? «ሁሉም እያወጣ ነው» የሚለው ወሬ ጥፋቱን ስንት እጅ አቀለለው? ወሬው በየትኞቹ ግቢዎች ቀድሞ ደረሰ?

የገንዘቡ ማስመለሻ ደግሞ ጭራሽ ሶሲዮሎጂ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ባንኩ የመለሰ አይከሰስም አለ። ያልመለሱትን ደግሞ ስማቸውንና ፎቷቸውን ቅርንጫፎች ደጃፍ ለጠፈ። ምሕረት፣ ይሉኝታና ሐፍረት ተራ በተራ ሥራ ላይ ዋሉ፤ አብዛኛው ገንዘብ መመለሱንም ባንኩ ገልጿል። ሕግ የተማረው ወገን እዚህ ላይ እጁን ያነሣል፤ የሰው ፎቶ እንዲህ መለጠፍ ይገባል ወይ? በዚያው ዓመት የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን ጥያቄ የመሥሪያ ቤቶች ሁሉ የዘወትር ሥራ አድርጎታል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሕግም ቴክኖሎጂም የገባው ሰው ያስፈልጋል። ለምን እናንተ አትሆኑም?

የያዛችሁት ዕውቀት የት ይገባል?

*ሳይኮሎጂ* ከሆነ ትምህርታችሁ፣ የሠራተኞች የደህንነት ሥልጠና፣ የማስጠንቀቂያ መልእክቶች ቀረጻና የፊሺንግ (በሐሰተኛ መልእክት ማጥመድ) ልምምድ ይጠብቋችኋል። አሰልቺ ስላይድ አሳይቶ ፊርማ ማስፈረም ሥልጠና አይባልም፤ ልማድ እንዴት እንደሚለወጥ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

*ሶሲዮሎጂ ወይም አንትሮፖሎጂ* ከሆነ፣ ሥራ በወረቀት ላይ እንዴት እንደተጻፈ ሳይሆን በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ማየት ትችላላችሁ። ሦስት ገንዘብ ያዦች በአንድ ፓስወርድ የሚሠሩበት ቅርንጫፍ ብታገኙ መሐንዲሱ «ሕግ ተጣሰ» ይላል፤ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስታዩ ግን ሲስተሙ ለመግባት ስለሚዘገይና ሰልፉ ስለሚረዝም መሆኑን ትደርሱበታላችሁ። መፍትሔው ቅጣት ሳይሆን ፈጣን መግቢያ ይሆናል። አደጋ ከደረሰ በኋላ ሠራተኛን ሳያስደነግጡ ጠይቆ እውነቱን ማውጣትም የእናንተ ጥበብ ነው።

*ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ ወይም ስታቲስቲክስ* ከሆነ፣ የማጭበርበር ትንተናና የሥጋት ስሌት በሩ ክፍት ነው። *ሕግና ፖለቲካል ሳይንስ* ከሆነ፣ የመረጃ ጥበቃ፣ የፖሊሲና የአጥቂዎችን ማንነትና ዓላማ የመተንተን ሥራ አለ። *ቋንቋ* የተማራችሁም አትቅሩ፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ጥርት ያለ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ ሰው ብዙ ሕዝብ ከኪሳራ ያድናል።

ቀሪውን ግማሽ ተማሩት

አነቃቂ ጽሑፍ ነው ብዬ ግን አላታልላችሁም። «ሰው አውቃለሁ» ማለት ብቻውን አያስቀጥርም። ከመሐንዲሶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ ቋንቋቸውን መስማት አለባችሁ። ኔትወርክ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሊኑክስ፣ ፓይተን፣ የዳታቤዝ መጠየቂያ የሆነው ኤስኪውኤል፣ ድረ ገጽ ከጀርባው ምን እንደሚመስል፤ ከእነዚህ ጀምሩ። አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተባለው ነፃ ሥልጠና የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ መሠረት ያስይዛል። በዋሺንግተንና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖች ሴኪዩሪቲ ፕላስን ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለተወሰኑ የሥራ መደቦች ከሚቀበላቸው ሰርተፍኬቶች አንዱ ስለሆነ በዚያ አካባቢ በር ይከፍታል።

መጀመሪያ ላይ ቃላቱ ይከብዳሉ። አይዟችሁ፤ ዱርክሃይምንና ቬበርን ያነበበ ሰው የኔትወርክ መማሪያ አይከብደውም! በየቀኑ አንድ ሰዓት በቋሚነት መድቡ። የተማራችሁትን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ። የሌላ ሰው ሲስተም ላይ ግን ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እጃችሁን አታስገቡ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን በወንጀል ይቀጣል፣ «ልማር ብዬ ነው» ማለትም አያድንም።

ለእናንተ ለመሐንዲሶቹም አንድ ቃል አለኝ። «ሶሻል» ከሚባለው ክፍል መጽሐፍ መዋስ አያሳፍርም። የሠራችሁትን ለእናታችሁ ስጧትና ዝም ብላችሁ እዩ። የምትሳሳተው እሷ ከመሰላችሁ ንድፉን እንደገና ተመልከቱት።

በዚህ ሳምንት ይህን አድርጉ

ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ አምስት ሰው ምረጡ፤ ዕድሜያቸውና ትምህርታቸው ይለያይ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ። በስልካቸው ብር ሲልኩ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ፓስወርዳቸውን ሲያስገቡ ፊታችሁን አዙሩ፤ በቀረው ጊዜ አትርዷቸው፣ አታርሟቸው። ጣታቸው የት ላይ ቆመ? የትኛውን ማስጠንቀቂያ ሳያነቡ አለፉት? ለማን ደውለው ጠየቁ? ሲጨርሱ «ከባንክ ነን የሚል ሰው ቢደውልልዎ ምን ይላሉ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሳቸውን በራሳቸው አነጋገር ጻፉ።

ከዚያ ያያችሁትን በአንድ ገጽ አስፍሩ፤ የሰው ስምና የሒሳብ ቁጥር እንዳይገባበት። ሦስት ችግሮችን ለዩ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መፍትሔ አቅርቡ። ኔትወርክና ፓይተን እየተማራችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ወደዚያች ገጽ ተመለሱና መፍትሔዎቹን አሻሽሏቸው። የሥራ ማስታወቂያ ስታዩ ሲቪያችሁ ላይ «ታታሪ፣ ተግባቢ፣ በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን መስመር ሰርዛችሁ ይህችን ገጽ አያይዙ። ቀጣሪው ታታሪ ነኝ የሚል ሲቪ በየቀኑ ያነባል፤ ደንበኞቹ የት ላይ እንደሚታለሉ በማስረጃ የሚያሳየው አመልካች ግን ብዙ አይገጥመውም። የመጀመሪያውን ሰው ዛሬ ማታ ጠይቁ!